ስለ ማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች የሥራ ሰዓትና የደመወዝ አከፋፈል

ነጋዴ ከማዘጋጃ ቤት ጋር ሳይገናኝ የሚያልፈው ዓመት የለም። ፈቃድ ለማሳደስ፣ ግብር ለመክፈል፣ ስለ ቦታና ስለ ቤት ጉዳዩን ለማስፈጸም ወደ ወረዳና ወደ ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት መመላለሱ አይቀርም። ይሁን እንጂ በመስኮቱ ማዶ የተቀመጠው ሠራተኛ ስንት ሰዓት እንዲሠራ እንደታዘዘና ደመወዙ በምን ሥርዓት እንደሚከፈል የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ይህን ባለማወቅ ብዙ የሥራ ቀን ይባክናል፤ አንዳንድ ጊዜም የማይገባ ገንዘብ ከኪስ ይወጣል።

የአዲስ አበባ ከተማ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የቻርተር አዋጅ ቁጥር 361 የራሱ አስተዳደር ያለው ከተማ እንደመሆኑ፣ በ2010 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞቹን የሚያስተዳድርበት አዋጅ ቁጥር 56 አውጥቷል። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር፤ ከዚያም በ2017 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1353 ወጥቶ የፌዴራሉ ሕግ ታድሷል።

ይህ 39 የሚባለው ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚገባው የጽሕፈት ቤቱን የተለመደ ሰዓት ሲቆጥሩት ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከቀትር በኋላ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል፤ ይኸውም በቀን 8 ሰዓት፣ በ4 ቀን 32 ሰዓት ነው። ዓርብ ግን ለጁምዓ ሶላት ሲባል የጠዋቱ ሥራ በ5፡30 ያበቃና በ7፡30 እንደገና ይጀመራል፤ ስለዚህ የዓርቡ ሥራ 7 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 39 ይሞላሉ። ዓርብ በ5፡45 ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ደርሶ ዘግታችኋል ብሎ የሚቈጣ ነጋዴ እንግዲህ የተዘጋበት በስንፍና ሳይሆን በሥርዓት መሆኑን ይረዳል። የእሳት አደጋ፣ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ግን ሥራቸው ሌሊትና በዓል የማይለይ ስለሆነ በፈረቃ ይሠራሉ።

ከመደበኛው ሰዓት በላይ እንዲሠራ የታዘዘ ሠራተኛ የማካካሻ ዕረፍት ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያገኛል። ይህን የሚሰጠው መሥሪያ ቤቱ እንጂ ባለጉዳዩ አይደለም። በሐምሌ ወር የበጀት ዓመት ተለውጦ ሰልፉ ሲረዝም፣ አምሽቼ ስለሠራሁልህ የሻይ ስጠኝ የሚል ቢገኝ ሕጋዊ መሠረት የለውም። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ያስጠይቃል። ያልተጠየቀውንም ወዶ የሚሰጥ ነጋዴ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ዓይነት ነው።

ወደ ደመወዙ ስንመጣ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በድርድር የሚቆረጥ ሳይሆን ለሥራው በተሰጠው ደረጃ መሠረት ከደመወዝ ስኬል የሚነበብ ነው። መንግሥት ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረገው ማሻሻያ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በእጅ የሚገባ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ በደረጃ ከመቶ 15 እስከ ከመቶ 35 ይከፈልበታል። ለጡረታም ሠራተኛው ከመቶ 7፣ መንግሥት ከመቶ 11 ያዋጣሉ። በዚህ ስሌት 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ግብር 700 ብር፣ ጡረታ 420 ብር ተቀንሶ 4,880 ብር ይደርሰዋል። የ11,500 ብሩም ባለ ደመወዝ ግብር 2,100 ብር፣ ጡረታ 805 ብር ተቀንሶበት 8,595 ብር ይቀበላል። የቤት ኪራይና የገበያ ዋጋ ለሚያውቅ ነጋዴ ይህ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚያዘልቅ መንገር አያስፈልግም።

ነጋዴው ሊጠነቀቅበት የሚገባው ሌላ ነገር አለ። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ሕግና በሱቁ የሚሠራው ሠራተኛ ሕግ አንድ አይደሉም። የግል ሠራተኛ የሚተዳደረው በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። በዚህ አዋጅ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያውም ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው የመደበኛው ሰዓት ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። የወር ደመወዙ 6,240 ብር የሆነ የሱቅ ሠራተኛ በወር 26 ቀን በየቀኑ 8 ሰዓት ቢሠራ 208 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ የአንዱ ሰዓት ዋጋ 30 ብር ነው። ከመደበኛው ሰዓት በኋላ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላመሸበት እያንዳንዱ ሰዓት 45 ብር፣ ከዚያ በኋላ ላለው 52 ብር ከ50 ሳንቲም፣ በዕረፍት ቀን 60 ብር፣ በበዓል ቀን 75 ብር ይገባዋል። ለበዓል ገበያ ሱቁን ከፍቶ የሚውል ነጋዴ ይህን ወጪ አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ ካልያዘው፣ ትርፍ ያለው ገንዘብ በኋላ የሠራተኛው ጥያቄ ሆኖ በፍርድ ቤት ይጠብቀዋል።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ጉዳዩን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት ማስፈጸምን ይመርጣል፤ ለአገልግሎቱ ከተተመነው ክፍያ በቀር አንዳች አይጨምርም፤ የከፈለበትንም ደረሰኝ ይይዛል። በሱቁ ውስጥም የሠራተኞቹን መግቢያና መውጫ ሰዓት በመዝገብ ይጽፋል። ከመንግሥት ሠራተኛ ሥርዓትን የሚጠይቅ ሰው በራሱ ደጃፍ ያንኑ ሥርዓት ሲጠብቅ ጥያቄው ክብደት ያገኛል።