የፊታውራሪ ልጅና ምክር ቤት

በደብረ ብርሃን በገበያ ቀን ሽማግሌዎች ሲጫወቱ «እሱ እኮ የፊታውራሪ ልጅ ነው» ሲሉ እንሰማለን። ለመሆኑ የፊታውራሪ ልጅ ፊታውራሪ ነውን?

አይደለም። ፊታውራሪ ማለት ከጦሩ ፊት የሚሄድ መሪ ማለት ነው። ቀኝአዝማች በቀኝ፣ ግራአዝማች በግራ ያለውን ጦር ይመራል። እነዚህ የጦር ማዕረጎች ናቸው። የሚሰጣቸው ንጉሡ ነበር፤ የሚነሣቸውም እሱው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባል የለም? አባት ሲሞት ልጅ ርስቱን ይወርሳል። ማዕረጉን ለማግኘት ግን እሱም መሾም ነበረበት።

ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ማዕረግ ጭራሽ አልነበረም ማለት አይደለም። እዚሁ አንኮበር ላይ የሸዋ ገዢዎች መርድ አዝማች ይባሉ ነበር። መርድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ሲሞቱ ልጃቸው አስፋ ወሰን ግዛቱንም ስሙንም ወረሱ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ የምክር ቤት ወንበር ጭምር ይወረስ ነበር። ሎርድ የተባለው መኳንንት ሲሞት የበኩር ልጁ ገብቶ ይቀመጣል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 አብዛኞቹ ወጡ፤ በዚያን ጊዜ 92 ብቻ ቀሩ።

የእኛ አገር ምክር ቤት የመጣው በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። ሁለት ክፍል ነበረው። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ መካከል ይሾማሉ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹሞች እንዲመርጡ ተደረገ። አይችልም የተባለው እንግዲህ አራሹ ነው። መቼ እንደሚችል ቀን አልተቆረጠለትም።

ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቆየ። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል ሴቱም ወንዱም የመምሪያውን አባላት እንዲመርጥ ተፈቀደ። ለመመረጥ ግን በምርጫው ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር። ጭሰኛው ድምፅ ይሰጣል፤ ራሱ መግባት ግን ይከብደዋል። የመወሰኛው አባላትም እንደ ድሮው በንጉሡ መሾማቸው አልቀረም።

ይህ ለአራሹ ምን አመጣበት? በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጭሰኛ ለባለመሬት የሚሰጠውን ድርሻ የሚወስን ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤት ቀርቦ ነበር። ሲሶም ሆነ እኩሌታ የሚገፈገፍበት አራሽ ሕጉን ይጠብቃል። በአዳራሹ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ግን ባለመሬቶች ናቸው። እህሉን የሚሰፍረው ሰው በዚያ አልነበረም፤ የሚሰፈርለት ነበር። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ ምክር ቤቱም ተዘጋ። ጭሰኝነት የቀረው የካቲት 25 ቀን በዚያው ዓመት በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት 18 ዓመት የሞላው ሁሉ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት ለአምስት ዓመት ነው። የፊታውራሪው የልጅ ልጅም መግባት ቢፈልግ ስሙ ከጭሰኛው የልጅ ልጅ ስም ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፋል።