በደጃፍ የሚሠራ የእንጨት መስኮት፤ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ

የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ትባላለች። ስሙ የአገሩን ጠባይ በትክክል ይገልጻል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና ተራራ ጀምሮ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋው ደጋ ለብርድና ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በቀድሞው የበጌምድር ጠቅላይ ግዛት፥ በዛሬው የደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙትን ጋይንትን፥ ስማዳንና እስቴን ነው። በዚህ አገር ቤት የሚሠራ ባላገር ስለ መስኮት ሲያስብ አስቀድሞ የሚያስበው ብርሃን ስለ መግባቱ ሳይሆን ብርድ ስላለመግባቱ ነው። ስለዚህም ብዙው የገጠር ቤት መስኮት የለውም፤ ቢኖረውም እጅግ ጠባብ ነው።

ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። ምድጃው በቤት ውስጥ ስለ ሆነ ጢሱ የሚወጣው በበሩና በክዳኑ ሥር ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ በሚከማች የማገዶና የመሰል ነዳጅ ጢስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው። መስኮት ብቻውን ይህን ሁሉ አያስቀርም፤ የተሻሻለ ምድጃም ያስፈልጋል። ሆኖም ጢሱን ይቀንሳል፥ ለሚያጠና ልጅም የቀን ብርሃን ይሰጣል።

መስኮት ለመሥራት ዎርክሾፕና የከተማ አናጢ የግድ ያስፈልጋሉ የሚል አሳብ አለ። ይህ አሳብ ትክክል አይደለም። አስፈላጊዎቹ ነገሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የደረቀ እንጨት፥ እርስ በርሱ የሚያያዝ መገጣጠሚያና የመስኮቱን ጫፎች የሚይዝ ግድግዳ ናቸው።

የቀድሞው ሥራ ምስክርነት

ለዚህ አባባል ማስረጃው ከአገሩ ሳንወጣ ይገኛል። በታች ጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ በመሆኗ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀች ናት። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከውጭ ስትታይ ለብዙ ዘመን ክብ የሣር ክዳን ቤት ትመስል ነበር። በውስጧ ግን በድንጋይና በእንጨት የታነጸ አራት ማእዘን ጥንታዊ ሕንፃ አለ። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከናም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ጐብኝቶ፥ በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሕንፃ ለውጭው ዓለም አስታውቋል።

ቤተልሔም የምትከተለው የአሠራር ወግ የአክሱም ነው። ይኸው ወግ በደብረ ዳሞና በላስታ ዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ ይታያል። በአክሱም ራሱ፥ ከሮም እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልሶ በ2008 በተተከለው 24 ሜትር ያህል ቁመት ባለው ሐውልት ላይ የእንጨቱ መስኮት በድንጋይ ተቀርጿል። በዚህ ዓይነት መስኮት በአራቱ ማእዘን የግድግዳውን ውፍረት የሚያቋርጡ አጫጭር እንጨቶች ይገባሉ፤ ጫፋቸውም ከግድግዳው ፊት ወጣ ብሎ ይታያል። ከግድግዳ ወጣ ብሎ የሚታየው የእንጨት ጫፍ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የዝንጀሮ ራስ ይባላል። ለተመልካች ጌጥ ይመስላል፤ ሥራው ግን መስኮቱን ከግድግዳው ጋር ማሰር ነው። መስኮቱን የሚይዘው ሚስማር ሳይሆን የግድግዳው ክብደት ነው። ከዚህ በታች የተገለጸው ቀላል መስኮት የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው።

እንጨቱ

ለበርና ለመስኮት የሚመረጡት ጥድ፥ ወይራና ዋንዛ ነበሩ። ጥድ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል፥ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም፤ ዋንዛ ለመሮ ይመቻል። ነገር ግን እነዚህ ዛፎች እየተመናመኑ ሄደዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቁጥር 94 ጥድን፥ ዋንዛን፥ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን የከለከለውም ስለዚህ ነው። ለባላገሩ በቅርብ የሚገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ እርጥቡ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፥ ይሰነጠቃል። ብዙ መስኮት ከዓመት በኋላ አልዘጋ የሚለው በእርጥብ እንጨት ስለ ተሠራ ነው። ስለዚህ ክረምት እንዳለፈ፥ በጥቅምት ገደማ ወፈር ያለ ግንድ ይቆረጣል፤ ገና እርጥብ ሳለም በሽብልቅ ለአራት ይሰነጠቃል። ከደረቀ በኋላ መሰንጠቁ አስቸጋሪ ነው። መካከለኛው ልብ ስንጥቅ የሚጀምርበት ስለ ሆነ በመጥረቢያ ተጠርቦ ይወገዳል። የእንጨቱ ሁለት ጫፎች እበት ይቀባሉ፤ በጫፉ በኩል ፈጥኖ የሚደርቅ እንጨት ይተረተራልና። ከዚያም ከመሬት ከፍ ብሎ፥ በየመካከሉ ጭራሮ እየተደረገበት፥ በጥላ ሥር እስከ ሚያዝያ ይቆያል።

መሣሪያውና ልኩ

የሚያስፈልገው መሣሪያ ምሳር፥ መጥረቢያ፥ ትንሽ የእጅ መጋዝ፥ መሮና የእንጨት መዶሻ ነው። መሰርሰሪያ ከሌለ በእሳት የጋለ ብረት ቀዳዳውን ያበጃል። የአናጢውን ጠረጴዛ የሚተኩት በደጃፍ የተተከሉ ሁለት ባላዎች ናቸው፤ የሚጠረበው እንጨት በላያቸው ተጋድሞ በሽብልቅ ይጠብቃል።

ለምሳሌ ያህል ስፋቱ 50፥ ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍት ቦታ ያለው መስኮት እንውሰድ። እንጨቶቹ ስፋታቸው 8፥ ውፍረታቸው 6 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሁለቱ መቃኖች እያንዳንዳቸው 86 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣሉ። ከላይ የሚሆነው ጉበንና ከታች የሚሆነው መድረክ እያንዳንዳቸው 106 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። እነዚህ ሁለቱ ከመቃኖቹ ውጭ በግራም በቀኝም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተርፋሉ፤ ይህም ትርፍ ጆሮ ይባል። ሜትር የሌለው ሰው በክንድና በስንዝር ቢለካ ስሕተት የለበትም። ሆኖም የሁለት ሰው ክንድ እኩል ስለማይሆን ልኩ በአንድ ዘንግ ላይ ተቈርጦ ሁሉም በዚያው ይለካ።

መገጣጠሚያው

መቃኑ ጉበኑንና መድረኩን በሚያገኝበት ቦታ ሁለቱም እንጨቶች ከውፍረታቸው ግማሽ፥ ማለት 3 ሴንቲ ሜትር ይጐደጐዳሉ። አንዱ በሌላው ላይ ሲጋደም ፊታቸው እኩል ይሆናል። በየማእዘኑ መካከል አንድ ቀዳዳ ይበሳና በሚገባ የደረቀ የወይራ ሚስማር ይመታበታል። ባሕር ዛፍ በብረት ሚስማር ሲመታ ስለሚሰነጠቅ በብረት መምታት የግድ ከሆነ አስቀድሞ መብሳት ያስፈልጋል።

ማእዘኑ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ከማእዘን ወደ ማእዘን በሚለካው ሰያፍ ነው። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ መስኮቱ አልተጣመመም። በዚህ ልክ ለተሠራ መስኮት ሰያፉ 86 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይኸውም ከመቃኑ ርዝመት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በመቃኑ ልክ የተቆረጠ ቀጭን ዘንግ በሁለቱም ሰያፍ ልክክ ብሎ ከገባ ሌላ መለኪያ አያስፈልግም።

በግድግዳው ውስጥ ማቆም

በድንጋይ ቤት ግንቡ እስከ መስኮቱ ሥር ከደረሰ በኋላ መድረኩ በጭቃ ላይ ይቀመጣል። አግድሙ በሣህን ውሃ፥ ቁመቱ ድንጋይ በታሰረበት ክር ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ በጆሮዎቹ ላይ ይገነባል። ግንቡ ከመስኮቱ ይልቅ ወፍራም ስለ ሆነ ከጉበኑ ኋላ ሌሎች እንጨቶች ጐን ለጐን ይጋደማሉ፤ አለዚያ የላዩ ድንጋይ ይወርዳል። ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ ከሆነ ጆሮዎቹ ከቋሚውና ከማገሩ ጋር በጠፍር ወይም በሽቦ ይታሰራሉ። የመጀመሪያው ጭቃ ሲደርቅ ከመስኮቱ ስለሚሸሽ ክፍተቱ በሁለተኛው ምርጊት ይደፈናል። ከመድረኩ በታች ያለው ምርጊት የዝናቡ ውሃ እንዲወርድ ወደ ውጭ ያዘንብል።

መዝጊያው

ማጠፊያ መግዛት ለማይችል ሰው የቀድሞው በር አሠራር ይበቃል። ሳንቃዎቹ ቁመታቸው 67 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በሁለት አግዳሚዎች ይያያዛሉ። በክረምት እንጨቱ ስለሚያብጥ በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ይተው። በመቃኑ በኩል ያለው ሳንቃ ዳሩ ተድቦልቡሎ ከላይ 5፥ ከታች 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጡት ይወጣለታል። በጉበኑ 5፥ በመድረኩ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይበጃል። መዝጊያው አስቀድሞ ወደ ላይኛው ጉድጓድ ይነሣል፥ ቀጥሎም በታችኛው ላይ ይወርዳል፤ እንዲሁ ሆኖ ይዞራል። በላይ የሚቀረው የ3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ጉድለት አይደለም፤ መስኮቱ በሌሊት ሲዘጋም ጥቂት ጢስ ያስወጣል።

የብርዱ ነገር የሚወሰነው በቦታው አመራረጥ ነው። መስኮቱ ነፋስ ከማይበረታበት ወገን፥ ከክዳኑ በታች ከፍ ብሎ ቢሠራ፥ በሩ ሲከፈት ጢሱን ይዞ የሚወጣ አየር ያገኛል፤ በምድጃው ዙሪያ የተቀመጠውን ሰውም ብርድ አይመታውም።

ከዚህ ሁሉ በገንዘብ የሚገዛው ጥቂት ነው። በብዛት የሚጠየቀው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በሚመጣው በጋ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው የመስኮቱን እንጨት ዘንድሮ ይቊረጥ።