አንድ ክኒን ለሁሉም አንድ አይደለም

በዚህ ሴሚስተር ፋርማኮሎጂ እየወሰድኩ ነው። ስለ ኮዴይን ሳነብ ከመድኃኒቱ ጋር ይመጣ በነበረ የቀድሞ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ላይ «ኢትዮጵያውያን» የሚል ቃል አገኘሁ። ነገሩ ቤተሰቦቻችንን ስለሚመለከት እዚህ ላብራራው።

ጂን የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ ነው። ፕሮቲን ደግሞ አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ተጣጥፎ ቅርጽ ይይዛል፤ ሥራውን የሚሠራውም በዚያ ቅርጽ ነው። «ቤት ገባ» የሚለው ላይ አንድ ፊደል ብትቀይሩ «ቤት ገዛ» ይሆናል። ሚውቴሽንም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ለውጥ ምንም አያመጣም፣ አንዳንዱ ግን የፕሮቲኑን ቅርጽና ሥራ ይቀይራል።

ጉበታችን ውስጥ ሲፕ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም አለ። ኮዴይን ብቻውን ደካማ ነው፤ ሕመም የሚያስታግሰው በዋናነት ይህ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። በአፍሪካ በብዛት በሚገኝ አንድ የጂኑ ዓይነት፣ 107ኛው አሚኖ አሲድ ትሪዮኒን መሆኑ ቀርቶ አይሶሉሲን ይሆናል፤ ኢንዛይሙም ይዳከማል። እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱ በደንብ ላይሠራለት ይችላል።

የሚያሰጋው ግን ተቃራኒው ነው። አንዳንድ ሰው ጂኑን በትርፍ ቅጂ ይወርሳል። የፕሮቲኑ ቅርጽ ደህና ነው፤ መጠኑ ግን ይበዛል። ኮዴይኑ ቶሎና በብዛት ሞርፊን ይሆንና ትንፋሽን እስከማዳከም ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶው እንዲህ ዓይነት ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። በቀድሞው ማስጠንቀቂያ ላይ ለአፍሪካ አሜሪካውያን ተጽፎ የነበረው 3 በመቶ ሲሆን፣ ለሰሜን አፍሪካውያን፣ ለኢትዮጵያውያንና ለዓረቦች ግን ከ16 እስከ 28 በመቶ ነበር። ስለዚህ እዚህ ሲያትል ክሊኒክ ስንሄድ ቅጹ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ሳጥን መሙላት ብቻውን ይህን አይናገርም።

ብዙዎቻችን ለወላጆቻችንና ለአክስቶቻችን እናስተረጉማለን። ኮዴይን ወይም ትራማዶል ሲታዘዝ «ቤተሰባችን ከኢትዮጵያ ነው፤ ሌላ አማራጭ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጂኑን የሚያሳይ ምርመራም አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ከልክሏል፤ የሚያጠቡ እናቶችም ኮዴይንና ትራማዶል እንዳይወስዱ መክሯል። ከጥርስ ሕክምና የተረፈ ክኒን ለጎረቤት ማካፈል ደግሞ ይቅርብን።

የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን ሐኪም ሳትጠይቁ አታቋርጡ። ክኒኑን የወሰደ ሰው ከልክ በላይ ከደነዘዘ፣ አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ፣ «እንቅልፍ ነው፣ ይተኛ» ሳትሉ ወዲያውኑ 911 ደውሉ።