በብርዳማ አገር ለኤሌክትሪክ መኪናዎ የቤት ቻርጀር ሲመርጡ ምን ሊያስተውሉ ይገባል?

በጥር ሌሊት ሚኒያፖሊስ ውስጥ የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስ የሚደነቅ የለም። የካናዳዋ ኤድመንተን ደግሞ ከዚያም ትብሳለች። በሁለቱም ከተሞች በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በታክሲና በኡበር ሹፌርነት የሚተዳደሩም ጥቂት አይደሉም። መኪናው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ፣ ማታ የተሰካው ቻርጀር በቂ አለመሆኑ የሚታወቀው ጠዋት ላይ ነው፤ ባትሪው ሳይሞላ፣ የሥራ ሰዓት ሲደርስ።

ሰዎች ይህን ችግር ሽሽት ገበያ ላይ ያለውን ትልቁን ቻርጀር ይገዛሉ። ዋጋውን ከፍለው ሲያበቁ ግን የቤታቸው የኤሌክትሪክ መስመር እንደማይሸከመው ወይም መኪናቸው ያን ያህል ኃይል እንደማይቀበል ይነገራቸዋል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሦስት ነገሮችን ማመዛዘን ያስፈልጋል፦ በብርድ ወራት በቀን የሚነዱትን ርቀት፣ የመኪናውን የመቀበል አቅምና የቤቱን የኤሌክትሪክ አቅም።

ብርድ ባትሪውን ምን ያደርገዋል?

አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚጠቀሙት የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው የኬሚካል እንቅስቃሴ ይዘገያል። ከዜሮ በታች እያለ በኃይል እንዲሞላ ቢደረግ፣ ሊቲየሙ ወደ ኤሌክትሮዱ ውስጥ ዘልቆ በመግባት ፈንታ በገጹ ላይ የብረት ሽፋን ሆኖ ይጋገራል። ይህም የማይመለስ ጉዳት ያስከትላል።

መኪናው ይህን ለመከላከል የሚቀበለውን ኃይል በራሱ ይቀንሳል። ብዙዎቹ መኪኖች ደግሞ ከመሙላታቸው በፊት ባትሪውን ያሞቃሉ። ለማሞቂያ የሚውለው ኤሌክትሪክ የሚመጣው ከዚያው ከቻርጀሩ ነው። ቻርጀሩ ደካማ ከሆነ፣ ከግድግዳው የሚወጣው ኃይል አብዛኛው ለማሞቂያ ያልቅና ለባትሪው የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል።

በሌላ በኩል ብርድ የፍጆታውን መጠን ይጨምራል። ትሪፕል ኤ በሚል ስም የሚታወቀው የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር እ.አ.አ በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆንና የመኪናው ማሞቂያ ሲበራ፣ በአንድ ሙሌት የሚኬደው ርቀት በአማካይ በ41 በመቶ እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ይህ ማለት ግን የኤሌክትሪክ መኪና ለብርድ አገር አይሆንም ማለት አይደለም። በኖርዌይ እ.አ.አ በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ የቤት መኪኖች ከአሥሩ ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ነበሩ።

ስንት ኪሎዋት ይበቃል?

በሰሜን አሜሪካ ተራው የቤት ሶኬት 120 ቮልት ነው። ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣው ገመድ እዚያ ላይ ሲሰካ አብዛኛውን ጊዜ 12 አምፒር፣ ማለትም 1.4 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል። በ240 ቮልት መስመር ላይ የሚተከል ባለ 32 አምፒር ቻርጀር 7.7 ኪሎዋት፣ ባለ 48 አምፒሩ ደግሞ 11.5 ኪሎዋት ያቀርባል።

ልዩነቱን በስሌት እንየው። በብርድ ወራት ለ100 ኪሎ ሜትር 30 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ መኪና አለ እንበል። በቀን 120 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 36 ኪሎዋት ሰዓት መተካት አለበት። በ1.4 ኪሎዋት ይህ ከ25 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ሌሊቱ ቀርቶ ሙሉው ቀን አይበቃም። በ7.7 ኪሎዋት ግን ከአምስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል። ለማሞቂያ የሚባክነው ሲታከልበት እንኳ ሌሊቱ ይበቃል።

በቀን 250 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሹፌር ፍላጎቱ ወደ 75 ኪሎዋት ሰዓት ያድጋል። በ7.7 ኪሎዋት አሥር ሰዓት ገደማ፣ በ11.5 ኪሎዋት ደግሞ ስድስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ትልቁ ቻርጀር ዋጋውን የሚመልሰው እንዲህ ላለው ተጠቃሚ ነው።

በአውሮፓ የቤት ቮልቴጅ 230 ስለሆነ አማራጮቹ ይለያሉ። ባለ አንድ ፌዝ መስመር በ32 አምፒር 7.4 ኪሎዋት፣ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር በ16 አምፒር 11 ኪሎዋት ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዕቃ በተለምዶ ቻርጀር ይባል እንጂ፣ ኤሌክትሪኩን ለባትሪው በሚስማማ መልኩ የሚቀይረው በመኪናው ውስጥ ያለው መሣሪያ ነው። መኪናው ከ7 ኪሎዋት በላይ የማይቀበል ከሆነ፣ ባለ 11 ኪሎዋት ቻርጀር ቢተከልለትም ፍጥነቱ አይጨምርም።

የቤቱ መስመር ይችለዋል?

የመኪና ቻርጀር ለሰዓታት ሳያቋርጥ ስለሚሠራ፣ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ መስመሩ ከቻርጀሩ አምፒር 25 በመቶ ብልጫ እንዲኖረው ያዝዛል። ባለ 40 አምፒር ቻርጀር ባለ 50፣ ባለ 48 አምፒሩ ደግሞ ባለ 60 አምፒር ብሬከር ይፈልጋል። ዋናው ሳጥን 100 አምፒር በሆነበት የቆየ ቤት፣ ምድጃውና ማሞቂያው በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ከሆነ፣ ይህን መሸከም ሊያዳግት ይችላል።

መፍትሔው ግን ሁልጊዜ ሳጥኑን በብዙ ወጪ መቀየር አይደለም። የቤቱን ፍጆታ እየተከታተሉ፣ ምድጃው ሲበራ የመኪናውን ኃይል የሚቀንሱ ቻርጀሮች አሉ። አምፒሩን ዝቅ አድርጎ ማስተካከልም ይቻላል።

ቻርጀሩ በሶኬት ከሚሰካ ይልቅ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ቢገናኝ ይመረጣል። ጥራቱ ዝቅተኛ የሆነ ሶኬት በየሌሊቱ ብዙ አምፒር ሲያልፍበት እየላላ፣ እየጋለና እየቀለጠ የእሳት አደጋ ሊያስነሳ ይችላል። በተራ ማራዘሚያ ገመድ መጠቀም ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ተከላውን ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊሠራው፣ የከተማው ፈቃድም አስፈላጊ ከሆነ ሊወጣለት ይገባል። የመድን ድርጅቶች አደጋ ሲደርስ ስለዚሁ መጠየቃቸው አይቀርም።

ዕቃውን ሲያዩ

በቅድሚያ በመግለጫው ላይ የሰፈረውን የሙቀት መጠን ያንብቡ። ብዙዎቹ ከዜሮ በታች እስከ 30 ዲግሪ፣ አንዳንዶቹም እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሠራሉ። እንደ አይፒ 65 ያሉት ምልክቶች ውኃና አቧራ እንደማያስገባ ይናገራሉ እንጂ ስለ ብርድ የሚሉት ነገር የለም።

ሁለተኛው ገመዱ ነው። አንዳንዱ ሽፋን በውርጭ እንደ ዱላ ይደርቃል፤ ለመጠቅለል ያስቸግራል፤ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። በብርድ እንደሚተጣጠፍ የተገለጸውን ይምረጡ። ውጭ የሚተከል ከሆነ፣ ጫፉ በረዶ እንዳይገባበት የሚሰቀልበት ማቀፊያ ያስፈልገዋል። መሰኪያው ከመኪናዎ ጋር መግጠሙንና በአሜሪካ የዩኤል ወይም የኢቲኤል፣ በካናዳ የሲኤስኤ የደኅንነት ምልክት እንዳለውም ያረጋግጡ።

የሰዓት መርሐ ግብር ያለው ቻርጀር ወይም መኪና በብርድ ወራት ትልቅ ጥቅም አለው። ሙሌቱ መነሻ ሰዓትዎ ሲቃረብ እንዲያልቅ ካደረጉት ባትሪው ሞቅ እንዳለ ይነሳሉ። ገመዱ ሳይነቀል የመኪናውን ውስጥ ካሞቁትም፣ ለዚያ የሚወጣው ኃይል ከባትሪው ሳይሆን ከቤቱ መስመር ይሆናል። በርካታ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ሌሊት ላይ የዋጋ ቅናሽ ስላላቸው መርሐ ግብሩ ከዚያም ጋር ሊጣጣም ይችላል።

ወጪውን በተመለከተ፣ በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት ለቤት ቻርጀር የፈቀደው የግብር ቅናሽ እ.አ.አ በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁን 30 ቀን 2026 በኋላ ሥራ የሚጀምሩትን አይመለከትም። አንዳንድ ክፍላተ ግዛትና የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች የራሳቸው ድጋፍ ስላላቸው አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። በኪራይ ቤት የሚኖሩ ደግሞ ምንም ነገር ከመግዛታቸው በፊት የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ሊይዙ ይገባል።

ባለሙያው ቤት ሲመጣ በበረዶው ወራት በቀን የሚነዱትን ከፍተኛ ርቀትና መኪናዎ የሚቀበለውን ኪሎዋት ይንገሩት። የዋናውን ሳጥን አቅም እርሱ ራሱ ያያል። ሦስቱ ቁጥሮች ከታወቁ በኋላ የሚቀሩት ምርጫዎች ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ከሁሉ ውድ የሆነው ቻርጀር ከእነርሱ መካከል አይገኝም።