በማራቲ ከተማ፣ በኡርዱ ግጥም፦ የሂንዲ ፊልም ከየት እስከ የት?

በ2023ቱ የኦስካር ምሽት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ናቱ ናቱ» የተሰኘው ዘፈን የምርጥ የፊልም ዘፈን ሽልማትን ወሰደ። የመድረኩ መሪ ጂሚ ኪሜል ግን ዘፈኑ የወጣበትን «አርአርአር» የተባለ ፊልም «ቦሊውድ» ብሎ በመጥራቱ ብዙ ህንዳውያን በማኅበራዊ ሚዲያ ወረዱበት። ፊልሙ የቴሉጉ ነው። ዳይሬክተሩ ኤስ. ኤስ. ራጃሙሊም መናገሻው ሃይደራባድ የሆነው የቴሉጉ ሲኒማ ሰው ነው። ቦሊውድ የሚባለው ሙምባይ ላይ የሚሠራው የሂንዲ ፊልም ነው።

በኪሜል ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። አዲስ አበባ ውስጥም ሳሪ የለበሰች ሴትና ድንገት ብድግ የሚል ዘፈን ያለበት ፊልም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ «ህንድ ፊልም»። ህንድ ግን በዓመት ከ1,500 በላይ ፊልሞችን በብዙ ቋንቋ የምታመርት ሀገር ናት። ታሚሎች ቼናይ ላይ፣ ቤንጋሎች ኮልካታ ላይ፣ ማላያላም ተናጋሪዎች ኬረላ ውስጥ የየራሳቸው ተዋናይ፣ የየራሳቸው ተመልካችና የየራሳቸው ወግ አላቸው። ከሚሠሩት ፊልሞች አብዛኞቹ በሂንዲ አይደሉም። የሂንዲው ልዩነት ከሌሎቹ ይበልጥ ርቆ መሄዱ ነው።

እንዲያውም የሂንዲ ፊልም ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል አይደለም። የተወለደባት ሙምባይ፣ የቀድሞዋ ቦምቤይ፣ የማራቲ ተናጋሪዎች ከተማ ናት። ሂንዲ በስፋት የሚነገርባቸው የሰሜን ህንድ ግዛቶች ከእሷ ርቀው ነው ያሉት። ፊልሙ እዚያ የተተከለው ቦምቤይ ወደብ ስለነበረች፣ የጥጥ ንግድ ያበለጸጋቸው ባለሀብቶች ስለነበሯት፣ ከተማ ለከተማ እየዞረ በዘፈንና በጭፈራ ተመልካች የሚያሳብድ የፓርሲዎች (ጥንት ከፋርስ የፈለሱ ማኅበረሰብ) ቲያትርም ስለነበራት ነው። የሉሚየር ወንድማማቾች ተንቀሳቃሽ ሥዕል ፓሪስ ላይ ለሕዝብ በታየ በሰባተኛው ወር፣ በሐምሌ 1896፣ ቦምቤይ በሚገኘው ዋትሰን ሆቴል ታየ። የህንድ ሲኒማ አባት የሚባለው ዳዳሳሄብ ፋልኬም «ራጃ ሃሪሽቻንድራ»ን በ1913 ለሕዝብ ያቀረበው እዚያው ነው። ፋልኬ ማራቲ ተናጋሪ ነበር። ፊልሙ ድምፅ አልባ በመሆኑ ቋንቋው ማንንም አላስጨነቀም። የበለጠ የቸገረው ለካሜራ የምትቆም ሴት ማግኘት ነበርና የንግሥቲቱን ገጸ ባሕርይ ወንድ ተጫወተው።

የቋንቋው ጥያቄ የመጣው በ1931፣ ከድምፅ ጋር ነው። «አላም አራ» የተባለውን የመጀመሪያውን ባለድምፅ የህንድ ፊልም የሠራው አርደሺር ኢራኒ ፓርሲ ነበር። የመረጠው ቋንቋ በየገበያውና በየባቡር ጣቢያው ሰው የሚግባባበት፣ ሂንዲና ኡርዱ የተቀላቀሉበት ሂንዱስታኒ ነው። ከንግድ አንጻር ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ሲኒማ ቤቱን የከበበውን ሕዝብ ሥርዓት ለማስያዝ ፖሊስ እስከመጠራት ደረሰ። በፊልሙ ውስጥ ሰባት ዘፈኖች ነበሩ። ዛሬ የፊልሙ አንድም ቅጂ አልተረፈም፤ ዘፈን የሌለበት ፊልም ጎዶሎ ነው የሚለው ልማድ ግን ተረፈ።

ቅልቅሉ በዚህ አላበቃም። ለዐሥርት ዓመታት የሂንዲ ፊልም ፍቅረኞች የተናዘዙበት ግጥም ባብዛኛው የኡርዱ ነበር። ሳሂር ሉዲያንቪ፣ ማጅሩህ ሱልጣንፑሪና ካይፊ አዝሚ ለፊልም ከመጻፋቸው በፊት በኡርዱ ግጥም መድረክ ስም ያተረፉ ነበሩ። የፊልሞቹ ርዕስ በሂንዲ፣ በኡርዱና በእንግሊዝኛ ፊደል በአንድነት ሲጻፍ ኖሯል። ዝነኞቹ ዲሊፕ ኩማርና ራጅ ካፑር የተወለዱት ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለችው ፔሻዋር ነው። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ከላሆር ስቱዲዮዎች የተሰደዱ ብዙ ባለሙያዎች ቦምቤይ ገቡ። ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ከሌላው ጋር እንዲግባባ ሆኖ የተሠራ ፊልም ነው እንግዲህ፤ በኋላ ቋንቋውን ጨርሶ የማያውቅ ሕዝብ ዘንድ መግባት ያልከበደውም ከዚህ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም።

የሂንዲ ፊልም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ለሚል ሰው የ1975ን ዓመት ብቻ ማሳየት ይበቃል።

በጥር «ዲዋር» ወጣ። አንዱ ወንድም ፖሊስ፣ ሌላው ኮንትሮባንዲስት፣ እናት በመካከላቸው። አሚታብ ባቻን የተበደለ፣ ከዕጣ ፈንታውና ከአምላኩ ጋር የተጣላ፣ በኋላ ኮንትሮባንዲስት የሚሆን የወደብ ሠራተኛ ሆኖ የተጫወተበት ይህ ፊልም የዘመኑን የሥራ አጥ ወጣት ቁጣ ፊት ለፊት አወጣው። በነሐሴ፣ በህንድ የነጻነት ቀን፣ «ሾሌ» ተከተለ። ሁለት ወንበዴዎች አንድን የገጠር መንደር ከሽፍታ እንዲታደጉ ይቀጠራሉ። ታሪኩ ከአሜሪካ የካውቦይ ፊልሞችና ከጃፓናዊው ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» ብዙ ወስዷል፤ የተቀረጸውም ባንጋሎር አቅራቢያ በሚገኙ ቋጥኞች መካከል ነው። መጀመሪያ ላይ ተመልካቹ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ኋላ ግን ቦምቤይ ሚነርቫ ሲኒማ ከአምስት ዓመት በላይ ሳይወርድ ታየ፤ የሽፍታው የጋባር ሲንግ ንግግሮች እንደ ዘፈን በሸክላ ታትመው ተቸበቸቡ። በኢትዮጵያ ሲኒማ ቤቶች «አክተሩ አይሞትም» የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ። በ«ሾሌ»ም የተወነው አሚታብ ግን በሁለቱም ፊልሞች ይሞታል።

በዚያው ዓመት በጥቂት ገንዘብ፣ ያለ ዝነኛ ተዋናይ የተሠራ «ጃይ ሳንቶሺ ማ» የሚባል ፊልም ከሁለቱ ጋር የሚፎካከር ገቢ አስገባ። ጉዳዩ እስከዚያ ድረስ እምብዛም የማትታወቅ አንዲት የሂንዱ አምላክ ናት። ተመልካቾች ቤተ መቅደስ እንደሚገቡ ጫማቸውን አውልቀው ሲኒማ ቤት ይገቡ፣ አምላኳ ብቅ ስትል አበባና ሳንቲም ወደ ሸራው ይወረውሩ ነበር። በስሟ ዓርብ ዓርብ የሚጾሙ ሴቶች ቁጥርም ከፊልሙ በኋላ በብዛት ጨመረ።

«ቹፕኬ ቹፕኬ» ደግሞ ንጹሕ ኮሜዲ ነው። ተዋናዩ ዳርሜንድራ ሾፌር መስሎ ሰው ቤት ይገባና የእንግሊዝኛም የኡርዱም ቃል ያልነካው፣ የጠራ የሳንስክሪት ሂንዲ እያነበነበ የቤቱን ባለቤት መከራ ያሳየዋል። የሚያስቀው «ንጹሕ» ሂንዲ ለሂንዲ ፊልም ተመልካች ራሱ እንግዳ በመሆኑ ነው።

ሺያም ቤኔጋል በበኩሉ «ኒሻንት» በሚለው ፊልሙ የባላባቶችን ግፍ ያለ ጌጥና ያለ ጭፈራ አቀረበ። በማግስቱ ዓመት «ማንታን»ን የሠራው በጉጃራት ግዛት 500,000 ወተት አምራች ገበሬዎች ሁለት ሁለት ሩፒ አዋጥተውለት ነው፤ ከዚያም የገዛ ፊልማቸውን ለማየት በየመኪናው ተጭነው ከተማ ወረዱ። የሲኒማ ታሪክ ከሚያውቃቸው ፕሮዲዩሰሮች ሁሉ በቁጥር እነዚህን የሚያህል አይገኝም።

1975 የመንግሥት እጅም የታየበት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ በሰኔ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ሴት ፖለቲከኛ የሆነችው «አንዲ» ጠቅላይ ሚኒስትሯን ትመስላለች ተብሎ ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ወረደ። የ«ሾሌ»ም መጨረሻ ተቀየረ። ሽፍታው እጆቹን የቆረጠው የቀድሞ የፖሊስ መኮንን ጠላቱን በእግሩ ረግጦ ሊገድለው ሲል ፖሊስ ደርሶ ሕግ ይፍረድ ይለዋል። ይህ ትዕይንት የሳንሱር ሰዎች ስላስገደዱ እንደገና የተቀረጸ ነው።

ዘፈኑ ለብቻው ሊነሳ ይገባል። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሸራው ላይ የሚታየው ሰው ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ድምፁ የሌላ ነው። ይህን የሚደብቅም የለም። ላታ ማንጌሽካር፣ እህቷ አሻ ቦስሌ፣ ሞሐመድ ራፊና ኪሾር ኩማር ድምፃቸውን ከሰጧቸው ተዋንያን ያላነሰ ክብር ነበራቸው። ላታ በ2022 በ92 ዓመቷ ስታርፍ ህንድ የሁለት ቀን ብሔራዊ ኀዘን አውጃለች። በ1952 የህንድ መንግሥት ሬዲዮ የፊልም ዘፈን ባህል ያበላሻል ብሎ ፊቱን ሲያዞርበት የጎረቤቷ የሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ሬዲዮ «ቢናካ ጊትማላ» የተባለ ሳምንታዊ ዝግጅት ጀመረና አድማጩን ጠቅልሎ ወሰደው። ዘፈኖቹ ከፊልሙ ቀድመው መውጣታቸውም የተለመደ ነው። ሰው ሲኒማ ቤት የሚገባው ዜማውን ሸምድዶ ነው።

ወደ ውጭ ሀገር መንገዱን የከፈተው ራጅ ካፑር ነው። በ1951 የሠራውና የቻርሊ ቻፕሊን ጥላ ያረፈበት ምስኪን ጎዳና ተዳዳሪ የሆነበት «አዋራ» በ1954 ሶቪየት ኅብረት ሲገባ ከ60 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጠለት። ፍልስፍናው ለሶሻሊስቱ መንግሥት ተስማሚ ነበር፦ ሰውን ወንጀለኛ የሚያደርገው ድህነቱ ነው። ከጦርነት የወጣው ሕዝብ ግን ትኬት የቆረጠው ለፍቅሩ፣ ለዘፈኑና ለተዋናይቷ ለናርጊስ ውበት ይመስላል። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ሚቱን ቻክራቦርቲ የጨፈረበት «ዲስኮ ዳንሰር» ዳግመኛ የሶቪየት ወጣቶችን አሳበደ። ተቺዎች ከፍ ያለ ቦታ የሰጡት ፊልም አይደለም፤ ግን የታሽኬንትና የባኩ ጎረምሳ ተቺ አላማከረም።

ግሪክ ውስጥ በ1950ዎቹና 60ዎቹ የሂንዲ ፊልም ዜማዎች የግሪክኛ ግጥም ለብሰው በየመሸታ ቤቱ ተዘፈኑ። ሰሜን ናይጄሪያ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሥር ሰደደ። የሊባኖስ ተወላጅ ነጋዴዎች ያስገቧቸው የህንድ ፊልሞች በካኖ ሲኒማ ቤቶች የዘወትር ቀለብ ሆኑ። በ1957 የተሠራው የሜህቡብ ካን «ማዘር ኢንዲያ» ከወጣ ከዐሥርት ዓመታት በኋላም አዳራሽ ይሞላ ነበር። ሂንዲ የማይሰሙት የሃውሳ ተመልካቾች ዜማውን ወስደው ነቢዩን የሚያወድስ መንዙማ ሠሩበት። ካኖ ላይ ጥናት ያካሄደው አንትሮፖሎጂስት ብራያን ላርኪን ምክንያቱን ሲያስረዳ በሸራው ላይ ያለው ዓለም ለሃውሳው ቅርብ እንደነበር ይጽፋል። ወላጅ ይከበራል፣ ጋብቻ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ፍቅርና ወግ ይጋጫሉ፤ እንዲያም ሆኖ ነገሩ ዘመናዊ ነው። ሆሊውድ ይህን ዓይነት ጭንቀት አያውቅም።

ለኢትዮጵያም ይኸው ማብራሪያ ይሠራል። ህንዳውያን ነጋዴዎችና መምህራን በሀገሪቱ ለረጅም ጊዜ ኖረዋል፤ በመርካቶ አካባቢ ሲኒማ ቤቶች ወንበር የሞላው ግን የከተማው ሰው ነው። በኋላ ፊልሙ በካሴት ወደ ቪዲዮ ቤት ወረደ፤ አሁን ደግሞ በአማርኛ ትርጉም ተነብቦበት በዩቲዩብ ይታያል። ልጁን ለማን እንደሚድር የሚጨነቅ አባትና በሁለት ልጆቿ መካከል የተሰነጠቀች እናት ያለ ትርጉምም ይገባሉ።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ሌላ ተመልካች መጣ። ለንደን፣ ኒው ጀርሲና ዱባይ የሚኖረው ህንዳዊ ትኬቱን በፓውንድና በዶላር ይገዛል። በ1995 የወጣው «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ለእሱ የተሠራ ያህል ነው። ለንደን ያደገው ሻህ ሩክ ካን የሚወዳትን ልጅ ይዞ መጥፋት ሲችል አባቷ ካልመረቁ አይሆንም ብሎ ፑንጃብ ድረስ ይሄዳል። ይህ ፊልም ሙምባይ ውስጥ ማራታ ማንዲር በተባለ ሲኒማ ቤት፣ የኮሮና ወቅት ሳይቆጠር፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ ሲታይ ኖሯል። ትልቁ የውጭ ገንዘብ የመጣው ግን ህንዳዊ ከማይበዛበት ሀገር ነው። ሁለት ሴት ልጆቹን ትግል ስላሠለጠነ አባት የሚተርከው የአሚር ካን «ዳንጋል» በ2017 ቻይና ውስጥ ከ1.2 ቢሊዮን ዩዋን በላይ አስገባ። ይህ በሀገሩ ካገኘው ገቢ ከእጥፍ በላይ ነው።

ዛሬ የሂንዲ ፊልም የሚፈራው ተፎካካሪ ሆሊውድ ሳይሆን የደቡብ ህንድ ሲኒማ ነው። በ2017 በሂንዲ ገበያ ከ5 ቢሊዮን ሩፒ በላይ የተጣራ ገቢ በማስገባት የመጀመሪያው የሆነው «ባሁባሊ 2» የቴሉጉ ድምፁ በሂንዲ የተተካ የራጃሙሊ ፊልም ነው። ሙምባይም መልሱን ደቡብ ሄዳ ፈለገች። በ2023 ሻህ ሩክ ካን የተወነበት «ጃዋን» ዳይሬክተሩ አትሊ፣ የሙዚቃ ደራሲው አኒሩድ ራቪቻንደር፣ ሁለቱም የታሚል ሲኒማ ሰዎች ናቸው። ፊልሙ በሂንዲ፣ በታሚልና በቴሉጉ በአንድ ቀን ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ10 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ሰብስቧል።