እናታችሁን ምሳ ልትጋብዙ ነው? ከቢቸናና ከሞጣ ወጥቶ ምግብ ቤት የመምረጥ ነገር

ሰኔ መጨረሻ ላይ ባህር ዳር መናኸሪያ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከሞጣ በጠዋት የተነሳው መኪና ይገባል፤ ነጠላ ያጣፉ እናቶችና ጋቢ የደረቡ አባቶች ይወርዳሉ። አንዷ ዳቦ ቆሎ በፌስታል፣ ሌላዋ ለልጇ አከራይ የሚሰጥ ቅቤ ይዛለች። የቢቸናዎቹ ደግሞ ልጃቸው የሚመረቀው አዲስ አበባ ከሆነ በደጀን አድርገው የአባይን በረሃ ተሻግረው ይመጣሉ። ፎቶ ይነሳል፣ እልልታው ይቀልጣል። ከዚያ ተመራቂው ስልኩን ያወጣና "ምርጥ ሬስቶራንት" ብሎ መፈለግ ይጀምራል።

እኔም ፈልጌ ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ።

እናቴ የሞጣ ሰው ናት። ለምርቃቴ አዲስ አበባ ስትመጣ ለዚያች አንድ ምሳ ብዬ 2,000 ብር አጠራቅሜያለሁ። ቤቱን የመረጥኩት ከቲክቶክ ነው። መብራቱ ያምራል፣ ሳህኑ ትልቅ ነው፣ ምግቡ መሃሉ ላይ ትንሽ ብሎ ተቀምጧል። ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር ጾም የሚባል ነገር ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ለእሷ ዶሮ ጥብስ አዘዝኩላት። ሳህኑ ሲቀርብ ቀና ብላ አየችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ልጄ፣ የሰኔ ጾም አይደል እንዴ?" አለችኝ። ዳቦና ሰላጣ በላች፤ እሱንም በሹካ እየታገለች። ሂሳቡ ሲመጣ ሜኑ ላይ ደምሬ 1,800 ነው ያልኩት 2,277 ብር ሆኗል። ቴሌብር ላይ ትርፍ የለኝም። እናቴ ምንም ሳትል መቀነቷን ፈታች። አራት ዓመት ሙሉ ለእኔ ትምህርት ስትፈታው የኖረችው ያንኑ መቀነት።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው መቀነት እንዳያስፈታ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንጨርሰው፣ ቀላል ስለሆነ። ደህና በሚባሉ ሆቴሎችና ሬስቶራንቶች ሜኑው ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል "ዋጋው ሰርቪስ ቻርጅና ቫት አይጨምርም" የሚል ነገር አለ፤ አንዳንዱ ቤት ሁለት የመደመር ምልክት ብቻ አድርጎ ያልፈዋል። ሰርቪስ ቻርጅ የሚያስከፍሉት አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ነው፤ ቫት 15 በመቶ። ቫቱ የሚሰላው ሰርቪሱ ከተጨመረ በኋላ ነው። የኔ 1,800 በመጀመሪያ 1,980 ሆነ፣ ከዚያ 297 ብር ቫት ተጨመረበትና 2,277 ላይ አረፈ። ስለዚህ ከሜኑው ዋጋ ከሩብ ትንሽ ከፍ ያለ ጭማሪ ጠብቁ። በተቃራኒው ካሰባችሁት፣ ኪሳችሁ ውስጥ 2,000 ብር ካለ ሜኑ ላይ ማዘዝ ያለባችሁ እስከ 1,580 ብር ነው። ውሃውም ይቆጠራል፣ እንዳትረሱት። ዋጋው ሁሉን ያካተተባቸው ቤቶችም አሉ። አስተናጋጁን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ነውሩ በኋላ ነው የሚመጣው።

ጾሙ ግን ሰፋ ያለ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ረቡዕና ዓርብን እናውቃለን፣ ሁዳዴን እናውቃለን፣ ፍልሰታን እናውቃለን። የሰኔ ጾም ግን "የቄስ ጾም" እየተባለ ወጣቱ የሚያልፈው ጾም ነው። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ይገባል፣ ሐምሌ 5 ይፈታል። የምርቃት ሰሞን በአብዛኛው እዚህ ውስጥ ነው የሚወድቀው! ቅዳሜም ሆነ እሑድ ቢሆን ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ የለም። የገና ጾምም እንዲሁ ነው፤ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ እናት አባትን ለመጋበዝ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ሌላው ነገር ሰዓቱ ነው። በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምሱ እናቶች አሉ። ለ6 ሰዓት ምሳ ጠረጴዛ ይዛችሁ ስትጠብቁ እሳቸው ውሃም አይቀምሱም። ዓሣ ላይም ተጠንቀቁ፤ "ዓሣ ይበላል" የሚሉ አሉ፣ የእኛ አገር እናቶች ግን ብዙዎቹ በጾም አፋቸው ላይ አያደርጉትም። ቀድማችሁ ጠይቋቸው።

እንግዳችሁ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ፣ ሞጣ ያደገ ሰው ይሄን አይስተውም፣ ሥጋው የሙስሊም መሆኑን ማረጋገጥ አለባችሁ። "የበግ ነው፣ ችግር የለውም" የሚል አስተናጋጅ ጥያቄው አልገባውም ማለት ነው።

አሁን "ፋይን ዳይኒንግ" ወደሚባለው እንምጣ። ነገሩ ባጭሩ ምግቡ በአንዴ ተጭኖ ሳይሆን ተራ በተራ የሚቀርብበት፣ ወንበር ቀድሞ የሚያዝበት፣ አስተናጋጁ ስለ እያንዳንዱ ሳህን የሚያስረዳበት ውድ ቤት ነው። በዓለም ላይ የእነዚህ ቤቶች ታዋቂ መመዘኛ የሚሽለን ኮከብ ነው። አዎ፣ የመኪና ጎማ የሚሠራው ሚሽለን! እ.ኤ.አ. በ1900 ፈረንሳይ ውስጥ ሰው ብዙ እንዲነዳ፣ ጎማውም ቶሎ እንዲያልቅ ብለው ለሾፌሮች የመንገድ መጽሐፍ አሳተሙ። ኮከቡ በ1926 መጣ፣ እስከ ሦስት ኮከብ ያለው ደረጃ ደግሞ በ1931። ትርጉሙ የመንገደኛ ነው፦ አንድ ኮከብ በዓይነቱ በጣም ጥሩ፣ ሁለት ኮከብ ከመንገድ ታጥፎ ለመግባት የሚያበቃ፣ ሦስት ኮከብ ለእሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ የሚያስነሳ።

ሚሽለን ኢትዮጵያ ውስጥ ኮከብ አይሰጥም። ስለዚህ "አምስት ኮከብ" የሚባለው የሆቴሉ ደረጃ እንጂ የምግቡ አይደለም። ጥያቄው ግን ለእኛም ይሠራል፤ ይሄ ቤት ሰው ከመንገዱ አጥፎ የሚያስገባ ምን ነገር አለው?

አዲስ አበባ ላይ መልስ ያላቸው ቤቶች አሉ። ኢትዮጵያ ተወልዶ በማደጎ ስዊድን ያደገው፣ ኒው ዮርክ ላይ ስሙን የተከለው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ2023 በንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ሬስቶራንት ከፍቷል። ከዚያ ከፍታ ከተማውን ማየት ብቻ ለአንዳንድ ሰው በቂ ምክንያት ነው። አባታችሁ ከፍታ የሚያዞራቸው ከሆነ ግን በቃ፣ ሌላ ቤት ፈልጉ። እንደ ዮድ አቢሲኒያ ያሉት የባህል ቤቶች ደግሞ ሌላ ናቸው፤ እዚያ ምግቡ ከጭፈራው ጋር ነው። ከውጭ ለመጣ ዘመድ አሪፍ ነው። ለጎጃም እናት ግን፣ እንደኔ እንደኔ፣ እስክስታን ከፍሎ ማሳየት ትንሽ ያስቃል። ድምፁም ለወሬ አይመችም፤ ስንት ወር ያላያችኋቸውን እናት እየጮሁ ማናገር ነው።

ባህር ዳር ላይ ከሆናችሁ ጣና አጠገባችሁ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ከዚያው ሐይቅ ይወጣሉ፤ ስለዚህ በባህር ዳር ልዩ ምሳ ማለት ለኔ የዕለት ዓሣ በሐይቁ ዳር ነው እንጂ ከሩቅ የመጣ የበረዶ ሥጋ በክሬም አይደለም። "ዓሣው መቼ ወጣ?" ብላችሁ ጠይቁ። "ዛሬ ጠዋት" የሚል መልስ ሳይንተባተብ ከመጣ ተቀመጡ።

ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ ደግሞ የኮከቡን ብዛት ትታችሁ ቀኑን እዩ። ጉግል ማፕስ ላይ አስተያየቶቹን ከአዲሱ ጀምሮ ደርድሩ፤ የሁለት ዓመት ሙገሳ ዛሬ ማን እንደሚያበስል አይነግራችሁም። ባለቤቱ የለጠፈውን ሳይሆን በላተኛው ያነሳውን ፎቶ ተመልከቱ። ከዚያ ደውሉ። መደወል የማይወድ ትውልድ መሆናችን ይገባኛል፣ ግን የአንድ ደቂቃ ስልክ እኔን ከዚያ ቅዳሜ ያድነኝ ነበር። "ሃሎ፣ ቅዳሜ ለአራት ሰው ፈልጌ ነበር፤ የጾም ምን አላችሁ? እንጀራ አለ? ደረጃ የማይወጡ እናት ስላሉ ምድር ላይ ቦታ ይኖራል? ዋጋው ቫት ይጨምራል?" ማለት ነው፣ በቃ። የጾም ምን አላችሁ ሲባሉ "ሰላጣ" ብቻ ካሉ አመስግናችሁ ዝጉት። ቀብድ ከጠየቋችሁ ደግሞ እንግዳው ቢቀር ይመለስ እንደሆነ አረጋግጡ። በክልሉ በ2015 ክረምት ግጭቱ ከተነሳ ወዲህ መንገድ የተዘጋበት፣ ኢንተርኔት የጠፋበት ቀን ጥቂት አይደለም፤ ከሞጣ ጠዋት እነሳለሁ ያለች እናት ሳትነሳ ልትቀር ትችላለች። በዚሁ ምክንያት ጥሬ ብር ያዙ።

የተገላቢጦሽም አለ። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ መጥታችሁ፣ ለሠርግ ይሁን ዲማ ጊዮርጊስን ለማየት፣ ቢቸና ወይም ሞጣ የምታድሩ ብዙ ናችሁ። ዲማ እኮ የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" ታሪክ የሚካሄድበት አገር ነው፣ መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ማየት ይመኛል። እዚያ "ፋይን ዳይኒንግ" ብላችሁ ብትፈልጉ ካርታው ባዶ ነው። ይሄ ማለት ግን ልዩ ምግብ የለም ማለት አይደለም። የምሥራቅ ጎጃም ምድር የነጭ ጤፍ አገር ነው፤ አዲስ አበባ እህል ቤት "የጎጃም ጤፍ" ብላችሁ ለይታችሁ የምትገዙት በቦታው ነው ያላችሁት። እንጀራው የዛሬ ይሁን የትናንት ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ተራ ሽሮ ብታዙ እንኳ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። ቅቤውም፣ ማሩም እንደዚያው።

ሥጋ ካማራችሁ ሆቴሉን ሳይሆን ልኳንዳውን ምረጡ። ማለዳ የታረደ መሆኑን፣ የቄራ ማኅተም መኖሩን እዩ፤ ሻኛውን፣ ታላቁን፣ ጎድኑን ራሳችሁ አሳይታችሁ አስቆርጡ። ጥብስ የሚሠራበትን ብረት ምጣድ ተመልከቱ። ጥሬውን የምትወዱ እናንተው ታውቃላችሁ፤ ኮሶ ግን የተረት በሽታ አይደለም። ዶሮ ወጥ ከሆነ የምትፈልጉት ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ንገሩ። ሽንኩርቱ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል፣ 12ቱ ብልት በሥርዓቱ መውጣት አለበት። "አሁን አዝዤ በሃያ ደቂቃ ቀረበልኝ" የምትሉት ዶሮ የትናንት ነው፣ ወይም ዶሮ ወጥ አይደለም።

የእኔ እህት በበነጋው ዓመት ባህር ዳር ተመረቀች። ጾሙ እስኪፈታ ጠብቀን፣ ሐምሌ 6 ላይ፣ አንዲት ሴትዮ በግቢዋ ውስጥ የምታሠራው አሥር ጠረጴዛ የማይሞላ ቤት ወሰድናት። ስሙን ማንም ቲክቶክ ላይ አላነሳውም። ከአንድ ቀን በፊት ደውዬ ዶሮውን አዝዣለሁ፣ ዋጋውንም ተነጋግረናል። እናቴ በእጇ በላች፣ እኛንም አጎረሰችን፣ ሁለተኛ እንጀራ አስጨመረች። ሂሳቡን ስከፍል መቀነቷን ነካ አድርጋ ነበር፣ እህቴ እጇን ያዘቻት። ከመውጣታችን በፊት ግን ሳናያት ወደ ማድ ቤት ገብታ ኖሯል። "ቅቤው የየት ነው?" ስትል ሰማናት። ሴትዮዋም "የእነሴ ነው፣ እማማ" አለቻት።