የጄሰንፓዝ ማጣሪያ፦ ዳታው እያለ ውጤቱ ለምን ባዶ ይሆናል?

የመጻሕፍት ዝርዝር የያዘ የጄሰን ፋይል አላችሁ እንበል። ከ300 ብር በታች የሆኑትን ለይቶ ለማውጣት ሉፕ መጻፍ አያስፈልግም፤ ይህች አንድ መስመር ትበቃለች፦

$[?@.ዋጋ < 300]

$ የዳታውን ሥር፣ ? ማጣሪያውን፣ @ ደግሞ በተራው የሚፈተሸውን መጽሐፍ ያመለክታሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 9535 የሚባለው ስታንዳርድ ==፣ !=፣ <፣ <=፣ > እና >= ማወዳደሪያዎችን፣ እንዲሁም ለ«እና» &&፣ ለ«ወይም» ||፣ ለ«አይደለም» ! ይደግፋል። ቁልፉን በአማርኛ መጻፍም ይፈቀዳል።

ሁለት ወጥመዶች ግን አሉ። የመጀመሪያው የዳታ ዓይነት ነው። ዋጋው "250" ተብሎ በጥቅስ ውስጥ ከተቀመጠ ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው። ማጣሪያው ምንም ስህተት ሳያሳይ መጽሐፉን ይዘለዋል።

ሁለተኛው የራሳችን ፊደል ነው። == የሚያወዳድረው ድምፅን ሳይሆን የዩኒኮድ ቁጥርን ነው። ኃ 4739፣ ሀ ደግሞ 4608 ነው። «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» ለእኛ አንድ ስም ቢሆኑም ለማጣሪያው ሁለት ናቸው። ስለዚህ ሁለቱንም ጠይቁ፦

$[?@.ደራሲ == 'ኃይሌ' || @.ደራሲ == 'ሀይሌ']

አጻጻፉ ከበዛ ደግሞ ዳታው ሲገባ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ተጨማሪ የፍለጋ ቁልፍ አዘጋጁ፤ የሚፈለገውንም ቃል በዚያው ሕግ ለውጡ። ዋናውን ስም ግን አትንኩት፤ ሰው ስሙን ማየት የሚፈልገው ራሱ እንደጻፈው ነው።